የሚሰማ ጎረቤትና የሚደርስ መኪና፦ በጀጎልና በአዲሱ ከተማ መካከል የኑሮ ጥራትን ስለ ማወዳደር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



 ርእሱን እንድመርጥ ያነሣሣኝ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ ያቀረበልኝ የጥናት ዕቅድ ነው። ተማሪው በሐረር ከተማ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖሩ ቤተሰቦችንና ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ የሚኖሩትን የኑሮ ጥራት በመጠይቅ ለማወዳደር አስቧል። መጠይቁ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው። ቧንቧ በግቢያችሁ ውስጥ አለ ወይ? መጸዳጃው የግል ነው ወይስ የጋራ? በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል? መኪና እስከ ደጃችሁ ይገባል ወይ? እስከ ጤና ተቋም ስንት ደቂቃ ይወስዳል? እነዚህን ጥያቄዎች አንብቤ ስጨርስ፣ ገና አንድ ቤት እንኳ ሳይንኳኳ ውጤቱን ዐወቅሁት። አዲሱ ከተማ ያሸንፋል፤ ጀጎል በየጥያቄው ይወድቃል።

ውጤቱ ሐሰት አይሆንም። ያስጨነቀኝ ይኸው ነው፤ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማረም ቀላል ነበር። እኔ ከግንቡ ውጭ ተወልጄ ያደግሁ፣ በወጣትነቴ ግን አራት ዓመት በጀጎል ውስጥ ተከራይቼ የኖርሁ፣ ከዚያም ተመልሼ በአዲሱ ከተማ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ሁለቱንም ኑሮ ስለማውቃቸው፣ በመጠይቁ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር፤ ምን እንደ ሆነ ለመናገር ግን ለረጅም ጊዜ ተቸግሬአለሁ። ዛሬ ለመናገር እሞክራለሁ።

ሐረርን ለማታውቁ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በተሠራ ግንብ የታጠረች፣ 48 ሄክታር ያህል ስፋት ያላት ከተማ ናት። ይህን ስፋት በአንድ ጠዋት ከዳር እስከ ዳር በእግር መጨረስ ይቻላል። በውስጧ 82 መስጊዶችና 102 አድባራተ ቅዱሳን ብለን ልንጠራቸው የምንችላቸው የአውልያ መካናት እንዳሉ ዩኔስኮ መዝግቧል፤ ራሷም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ታሪካውያኑ በሮች አምስት ናቸው፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር እንላቸዋለን፤ ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው። ስድስተኛውን፣ መኪና የሚገባበትን የሐረር በር ያስከፈቱት በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማይቱ በምኒልክ እጅ ስትገባ ገዥ ሆነው የተሾሙት ራስ መኰንን ናቸው። ከግንቡ በስተምዕራብ ያለው አዲሱ ከተማ በእርሳቸውና በተከታዮቻቸው ዘመን ተጀምሮ፣ ጣልያኖች በአምስቱ የወረራ ዓመታት ባወጡት ፕላን ሰፋፊ ቀጥ ያሉ መንገዶችን አገኘ። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ» ይላሉ፤ ትርጉሙ በቀጥታ «ከተማ» ማለት ነው። ሌላ ስም አላስፈለጋትም። ከግንቡ ውጭ ያለው ሁሉ ለእነርሱ ሌላ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ጽንሰ ሐሳቡ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። «የኑሮ ደረጃ» እና «የኑሮ ጥራት» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ምን አለህ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የዓለም ጤና ድርጅት ሲተረጕም፣ ሰው በሚኖርበት ባህልና የእሴት ሥርዓት ውስጥ ሆኖ፣ ከግቦቹና ከሚጠብቃቸው ነገሮች፣ ከመመዘኛዎቹና ከሥጋቶቹ አንጻር፣ በሕይወት ስላለው ስፍራ የሚኖረው ግንዛቤ ነው ይላል። ድርጅቱ ያዘጋጀው ባለ 26 ጥያቄ አጭር መጠይቅም አካልን፣ ሥነ ልቡናን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና አካባቢን ለየብቻ ይመዝናል። አማርትያ ሴን ደግሞ ከዚህም ወዲያ ሄዶ፣ ዋናው ነገር ሰው በእጁ ያለው ሀብት ሳይሆን በዚያ ሀብት ምን ማድረግና ምን መሆን ይችላል የሚለው ነው ብሎ አስተምሯል። ተማሪዬ እነዚህን ሁሉ በመግቢያው ጠቅሷቸዋል። በመጠይቁ ውስጥ ግን የቀሩት ቧንቧው፣ መጸዳጃውና መንገዱ ናቸው፤ ሊቈጠሩ የሚችሉት እነርሱ ስለ ሆኑ ነው። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አድርጌአለሁ፤ አልወቅሰውም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሌሊቶችን ልንገራችሁ። ከግል ሕይወቴ ስለ ወሰድኋቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የማውቀው የተሻለ ማስረጃ ግን የለኝም።

የመጀመሪያው ሌሊት በ1980ዎቹ መጨረሻ በጀጎል ውስጥ ነው። የተከራየነው ክፍል አራት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ምጡ ቀኑ ሳይደርስ ሌሊት መጣ። እኔ ጫማዬን ፈልጌ ሳላገኝ የግቢው እመቤት በራችን ላይ ቆመው ነበር። ማንም አልጠራቸውም፤ በግድግዳው በኩል ሰምተዋል። እርሳቸው ድምፃቸውን ሲያሰሙ ከኋላችን ካለው ግቢ ሁለት ሴቶች፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ልጆቻቸው መጡ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። መንገዳችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ ድንጋዩ የሚያዳልጥ ጠባብ ኡጋ ነበርና መኪና የማይታሰብ ነው። ጎረምሶቹ ባለቤቴን በወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸከሟት። በየመታጠፊያው ወንበሩን ማዘንበል ነበረባቸው። እስከ ፈረስ መጋላ ድረስ በዚህ ሁኔታ ሄድን፤ እዚያ አንድ ፔጆ 404 ታክሲ ከነሹፌሩ ተኝቶ አገኘን። ልጃችን የተወለደው ሆስፒታል እንደ ደረስን ነው። ሐኪሙ ከዚህ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ይሻል ነበር አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ሌሊት ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ በኋላ በአዲሱ ከተማ፣ በራሴ ቤት ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። እኔና ባለቤቴ ለሥራ ወጥተን ባደርንበት ሌሊት፣ እናቴ ከቤት ወደ ግቢው ስትወጣ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አጥራችን ከፍ ያለ ነው፤ በላዩም የጠርሙስ ስብርባሪ አለበት፤ የብረት በሩ ከውስጥ ተቈልፏል። ተጣርታለች፤ ደጋግማ ተጣርታለች። በቀኝ በኩል ያለው ጎረቤታችን ጄኔሬተር ያስነሣ ነበር፤ በግራ በኩል ያለው ቤት ባለቤቶቹ ውጭ አገር ስለሚኖሩ ባዶ ነው። ያገኛት ጠዋት ዳቦ የሚያመጣው ልጅ ነው። ልጁ ከጮኸ በኋላ ሁሉም ነገር የተሳካ ነበር፤ መኪናው አስፋልቱን ይዞ እስከ በረንዳው ድረስ ገባ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ደረሰች። እናቴ ግን መሬት ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ተኝታ ነበር።

እነዚህን ሁለት ሌሊቶች በተማሪዬ መጠይቅ ብንመዝናቸው ውጤቱ ምን ይሆናል? «እስከ ጤና ተቋም ስንት ደቂቃ?» ለሚለው ጥያቄ ጀጎል መጥፎ፣ አዲሱ ከተማ ጥሩ ነጥብ ያገኛሉ። ነገር ግን ችግር ከደረሰበት ቅጽበት እስከ እርዳታ ያለው ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሰው እስኪሰማ ያለው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከተሰማ በኋላ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። መጠይቁ የሚለካው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በጀጎል የመጀመሪያው ክፍል አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ሁለተኛው ረዘመ። በአዲሱ ከተማ ሁለተኛው አሥር ደቂቃ፣ የመጀመሪያው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሆነ። እኔ የጎደለው ነገር ያልሁት ይህ ነው።

ይህን እንደ ደግነትና ክፋት፣ «የድሮ ሰው ይተዛዘን ነበር» እንደሚባለው ዓይነት ነገር አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ እለምናችኋለሁ። የአዲሱ ከተማ ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እናቴ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ምግብ ያመላለሱት እነርሱ ናቸው። የተለየው ሰዉ ሳይሆን ግድግዳው ነው። ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ስለ አሜሪካ ከተሞች በሚናገረው ታዋቂ መጽሐፏ፣ የመንገድ ደኅንነት የሚጠበቀው በመስኮትና በደጅ ሆነው በሚመለከቱ ተራ ሰዎች ዓይን ነው ብላለች። ተማሪዎች ይህን ወስደው ጀጎልን ሲያብራሩበት አያለሁ፤ ግን አይገጥምም። የጀጎል ቤት ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል፤ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞረ ነው። በመንገዱ ላይ የምታዩት ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ዝም ያለ ግንብ ነው። ጀጎል በዓይን የምትጠብቅ ከተማ አይደለችም፤ በጆሮ ነው የምትጠብቀው። ቤት ከቤት ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ ስለ ተሠራ፣ ግቢውም ክፍት ስለሆነ ድምፅ ይሄዳል።

የቤቱን ውስጥ ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይረዳል። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር የሚባለው፣ ዋናው ክፍሉ በአንድ ወለል ላይ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ «ነደባ» የሚባሉ መደቦች አሉት። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ለአባወራው በሩን የሚያይ ከፍ ያለ መደብ አለ፤ ለሽማግሌ፣ ለእንግዳ፣ ለልጅም የየራሱ ስፍራ አለው። በጎኑ ያለችው ቂርጣት የምትባል አነስተኛ ክፍል ለአዲስ ሙሽሮች የምትሰጥ ናት። እንግዲህ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል ለሚለው ጥያቄ፣ ይህ ክፍል አንድ ነው ወይስ አምስት? ቈጣሪው አንድ ብሎ ይጽፋል። ከዚያም ቤቱ «የተጨናነቀ» በሚለው መደብ ውስጥ ይገባል። በኮርኒስና በብሎኬት ተከፋፍሎ የተሠራው የእኔ ቤት አራት ክፍል አለው፤ አንዱ ውስጥ የምንገባው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው።

ከግድግዳው ሌላ ማኅበሩ አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሐረርን ማኅበራዊ አደረጃጀት በዶክትሬት ጽሑፉ ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሲድኒ ዋልድሮን፣ አንድን ሐረሪ ከከተማው ጋር የሚያስተሳስሩት ሦስት ነገሮች እንደ ሆኑ አሳይቷል፤ አህሊ የሚባለው ዝምድና፣ ከልጅነት የሚጀምረው የባልንጀሮች ጓደኝነትና አፎቻ ናቸው። አፎቻን ለእኛ በቅርቡ የሚገልጸው ዕድር ነው፤ ነገር ግን ለሐዘን ብቻ ሳይሆን ለሠርግም ነው፤ የወንዶችና የሴቶችም ለየብቻ አለ። ብዙ ሐረሪዎች ከግንቡ ውጭ ወጥተው ቤት ሠርተዋል፤ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ቶሮንቶ የሄዱም አሉ። ሆኖም አፎቻውን ተከትሎ ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ጀጎል የሚመለሰውን ሰው ሁልጊዜ በየበሩ አየዋለሁ። የሚኖረው በአዲሱ ከተማ ነው ብሎ መጠይቁ ይመዘግበዋል፤ የኑሮው ጥራት ግማሽ የሚመጣው ግን ከውስጥ ነው። በተቃራኒው ደግሞ በጀጎል የሚኖረው ሰው መሥሪያ ቤቱም፣ የልጁ ኮሌጅም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙም ውጭ ነው። ድሮም እንዲሁ ነበር፤ የከተማው ነዋሪ እርሻው፣ ቡናውና ጫቱ ከግንቡ ውጭ ነበር። ለጅቦች እንኳ ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች በግንቡ ውስጥ ተትተው ነበርና፣ ይህ ግንብ ሰው እንደሚያስበው የተዘጋ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ቦታዎችን ለያይቶ ማወዳደር፣ በአንድ ሰው ቀን ውስጥ የተገናኘውን ነገር ቈርጦ መመዘን ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለማን ነው የሚሉ ተማሪዎች አሉኝ፤ ትክክል ናቸው። በጆሮ የምትጠብቅ ከተማ ምጥን ብቻ አትሰማም። የባልና የሚስት ጠብም ይሰማል፤ ማን መቼ እንደ ገባም ይታወቃል። በጀጎል ያደገች አንዲት ተማሪዬ «ጋሼ፣ እርስዎ ጎረቤት የሚሉት ለእኔ ዘበኛ ነው» ብላኛለች። ከግንቡ ውጭ ቤት ስትከራይ በሯን ዘግታ መጽሐፍ ማንበብ የቻለችበትን የመጀመሪያ ምሽት እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች። ከዚህም በላይ፣ የሚሰማው ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ የሴት ጆሮ ነው። በዚያች ሌሊት በራችን ላይ የቆሙት እመቤት በማግሥቱም ለሌላው፣ በሳልስቱም ለሌላው ይነሡ ነበር። ለዚህ ሥራ ማንም ዋጋ አልሰጣቸውም፤ እኔም ጭምር። አፎቻውም ለሁሉም ክፍት አይደለም። እኔ ተከራይ ነበርሁ፤ ከግቢው ሰው ጋር እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ነገር ግን ማኅበሩ የእኔ አልነበረም። የእኔ ዕድር በአዲሱ ከተማ ነበር።

ለብቻ የሆነ ሰው በዚህች ከተማ ምን እንደሚገጥመው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ሬምቦ ምስክር ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የነጋዴ ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ፤ ለቤተሰቦቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ መሰልቸቱ ያለ ማቋረጥ ያማርራል። ጎረቤቶቹ ግን በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ጊዜ አልሰለቹም ነበር። በ1891 እ.ኤ.አ. እግሩ ሲታመም ራሱ ባሠራው ቃሬዛ፣ በቀጠራቸው ተሸካሚዎች በረሃውን አቋርጦ እስከ ዘይላ ወደብ ሄደ። የእኔን ባለቤት ተሸክመው እስከ ፈረስ መጋላ ያደረሷት ጎረምሶች ግን ሂሳብ አልጠየቁኝም።

ሰዎች ከጀጎል ለምን እንደሚወጡም እንመልከት፤ ከምክንያቶቹ ሁሉ ውኃ ይቀድማል። ለሐረር ውኃ ያቀርብ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲደርቅ፣ ከተማይቱ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጕድጓዶች ውኃ ወደ ተራራው በፓምፕ እየተገፋ እንዲመጣላት ግድ ሆነ። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት መልሶ ውኃ ቢታይበትም ያ ዘመን ያስተማረን ነገር አለ። ቧንቧው ሲደርቅ ሁሉም እኩል አይጠማም። በአዲሱ ከተማ ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ፤ ገንዘብ ያለው ቦቴ ጠርቶ ያስሞላዋል። ቦቴ ወደ ኡጋው አይገባም። በጀጎል ውኃ የሚገባው በጀሪካን፣ በአህያ ጀርባና በሴቶች ጀርባ ነው። ቤቱ ሲወረስ ለብዙ ወንድማማች ይከፋፈላል፤ ለመኪና ማቆሚያ ቦታ የለም፤ ቅርስ በመሆኑም ፎቅ መጨመር፣ ድንጋዩን በብሎኬት መለወጥ አይፈቀድም። ይህ ክልከላ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አንድ አዛውንት የነገሩኝን አልረሳም፤ «ቤቴ ቅርስ ከሆነ ወዲህ ነዋሪ መሆኔ ቀርቶ ጠባቂ ሆንሁ» አሉኝ። ዓለም የሚያደንቀውን ግድግዳ የሚጠግኑት በራሳቸው ኪስ ነው።

ጉዳዩ የሐረር ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በርካታ ሺህ ቤተሰቦች ከመሀል ከተማ ሰፈሮች ተነሥተው እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ገብተዋል። በቧንቧና በመጸዳጃ ብንመዝን ብዙዎቹ ተሻሽለዋል፤ መካድ አይገባም። ሆኖም በእሑድ ጠዋት ሁለት ታክሲ ይዘው ወደ ድሮው ሰፈር ዕድር የሚመለሱትን ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ምናልባት ከቤታችሁም ይኖራሉ። ሰፈሩ ፈርሶ ዕድሩ ሲቀር፣ የሚመለሱበት በር የለም። ሐረር እስካሁን በሩ አለ፤ ከሸዋ በር ወደ ውስጥም ወደ ውጭም በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ፕላን የሚያወጡ ሰዎች ለነዋሪው «ወይ ውስጥ፣ ወይ ውጭ» የሚል ምርጫ ከማቅረባቸው በፊት ይህችን አምስት ደቂቃ ቢመዝኗት እመኛለሁ። ለጀጎል የሚያስፈልጋት በጠባብ መንገድ የሚገባ የሕሙማን ማጓጓዣ ጋሪ፣ በየበሩ የሚቆም አምቡላንስና የማይቋረጥ ውኃ ነው። አዲሱ ከተማ የሚጎድለው ግን በጀት የሚገዛው ነገር አይመስለኝም፤ አጥርን ዝቅ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ራሴ እናቴ ከወደቀች በኋላ ያደረግሁት ነገር ቢኖር በግራ በኩል ባለው አጥር ላይ ትንሽ በር ማስከፈት ነው። ባለቤቶቹ ከውጭ አገር በስልክ ፈቀዱልኝ፤ ቤቱን አሁን አንድ ቤተሰብ ተከራይቶታል። እናቴ በክራንች ሆና በዚያች በር እየተመላለሰች ቡና ትጠጣ ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት፤ በሩ ግን አልተዘጋም።

ለተማሪዬ ዕቅዱን መልሼ ስሰጠው አንድም ጥያቄ አልሰረዝሁበትም። በመጨረሻው ገጽ በእርሳስ ሁለት ጥያቄዎችን ጨመርሁለት። የመጀመሪያው «ሌሊት ከቤትዎ ሆነው ቢጣሩ ማን ይሰማዎታል?» የሚል ነው። ሁለተኛውን የጨመርሁት ያቺ በሯን ዘግታ ያነበበች ተማሪዬን አስቤ ነው፤ «እንዳይሰሙዎት ቢፈልጉስ ይችላሉ?» ይላል። መረጃውን በመጪው ክረምት ይሰበስባል፤ ከሁለቱም ወገን ምን መልስ እንደሚያመጣ እኔም እንደ እናንተ እየጠበቅሁ ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም ከጀጎል የመጣችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።